ራውተር ከመግዛታችሁ በፊት ቤታችሁን ዞር ዞር ብላችሁ እዩ

ባለፉት ሁለት ሳምንታት ብቻ አምስት ሰው ደውሎ አንድ ዓይነት ጥያቄ ጠየቀኝ። «ጥሩ ራውተር የቱ ነው?» እኔም መልሼ እጠይቃለሁ። ቤቱ ጭቃ ነው ብሎኬት? ኢንተርኔቱ የሚመጣው በፋይበር ነው በሲም? መብራት በሳምንት ስንቴ ይሄዳል? ብዙዎቹ ግራ ይገባቸዋል፤ የጠበቁት የብራንድ ስም ነበራ። ግን ይህን ሳላውቅ አንድ ስም ብጠራላቸው ገንዘባቸውን ማስበላት ነው የሚሆነው።

የምኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ኮምፒውተር እጠግናለሁ፣ ለሱቅና ለቢሮ ኔትወርክ እዘረጋለሁ። በራውተር ከሚያማርሩት ሰዎች አብዛኞቹ ቤት ሄጄ ሳይ ዕቃው ደህና ነው። ቤቱ ነው የእሱ ያልሆነው።

ከእናቴ ቤት ልጀምር። እማዬ ያለችው ደጀን ነው፤ የዓባይን በረሃ ወጥታችሁ የምታገኟት ከተማ። እህቴ ደግሞ ቤይሩት ናት። ሁለቱ በኢሞ ሳይተያዩ ቀኑ አይመሽላቸውም። ታላቅ ወንድሜ ይህን ስለሚያውቅ ከአዲስ አበባ ራውተር ገዝቶ በአውቶብስ ላከላት። ጥቁር፣ ስድስት አንቴና ያለው፣ ሲያዩት ግርማ ያለው ዕቃ ነው። ዋጋውም ቀላል አልነበረም። ለፋሲካ ስሄድ ቡፌው ላይ፣ ዳንቴል ለብሶ አገኘሁት። መብራቱ በርቷል። ስልኬ ላይ ዋይፋዩ ሙሉ ሆኖ ይታያል። ኢንተርኔት ግን የለም።

«ልጄ፣ ሞልቶ ይታያል፤ ግን አይሠራም» አለችኝ።

አዙሬ አየሁት። ከኋላው ያለው የኬብል መሰኪያ ብቻ ነው። ሲም የሚገባበት ቦታ የለውም። እማዬ ቤት ደግሞ የስልክ መስመርም ፋይበርም አልገባም። ታዲያ ከየት ያምጣ?

ይህ ብዙ ቤት የማየው ነገር ስለሆነ ረጋ ብዬ ላስረዳ። ራውተር ኢንተርኔት አይፈጥርም፤ የመጣለትን ለቤቱ ያከፋፍላል፣ በቃ። ስልኩ ላይ የምታዩት የዋይፋይ ምልክት የሚነግራችሁ ከስልኩ እስከ ራውተሩ ያለውን ብቻ ነው። ከራውተሩ ወዲያ ስላለው ምንም አይልም። ስለዚህ መጀመሪያ የሚለየው ኢንተርኔቱ በምን እንደሚገባ ነው።

ፋይበር የገባበት ቤት መስመሩን የሚዘረጉት ሰዎች ትንሽ ሳጥን ይተክላሉ። በፋይበሩ የሚመጣውን ብርሃን የሚቀይረው እሱ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ዋይፋይም አለው። ቤታችሁ አንድ ሁለት ክፍል ከሆነ እሱ ይበቃችኋል፣ ሌላ አትግዙ። ካልበቃ የኬብል መሰኪያ ያለው ተራ ራውተር ገዝታችሁ ከሳጥኑ ጋር በኬብል አገናኙትና «አክሰስ ፖይንት» የሚለው ሞድ ላይ አድርጉት። እንዲህ ካልተደረገ ሁለቱም ለየራሳቸው ለዕቃዎቹ የኔትወርክ አድራሻ ማደል ይጀምራሉ፤ ላፕቶፑ በአንዱ ይገባል፣ ፕሪንተሩ በሌላው፣ ከዚያ አይተያዩም። በድሮው የስልክ ሽቦ የሚመጣ ከሆነ ደግሞ ራውተሩ ውስጡ የኤዲኤስኤል ሞደም ያለው መሆን አለበት። ከኋላው ጠበብ ያለ የስልክ መሰኪያ ካላያችሁ ለናንተ አይሆንም።

መስመር በሌለበት ቤት መፍትሔው ባለ ሲም ራውተር ነው። እዚህ ላይ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁት። አንደኛ፣ ለአንድ ድርጅት ሲም ብቻ የተቆለፈ ነው ወይስ ክፍት? ሁለተኛ፣ ከውጭ የመጣ ከሆነ የሚይዛቸው የፎር ጂ ሞገዶች እኛ አገር ከሚሠራባቸው ጋር ይገጥማሉ? ሻጩ ባያውቅ አትጨነቁ፤ የራሳችሁን ሲም እዚያው አስገብታችሁ ሞክሩት። ፎር ጂ ካልያዘ መልሱ ተገኘ ማለት ነው። ኪስ የሚገቡት ትንንሾቹ ባለ ባትሪዎች ለመንገድ ጥሩ ናቸው፤ ለቤተሰብ ግን አልመክርም።

ለእማዬ ከማርቆስ ባለ ሲም ራውተር ገዛሁላት። ጎኑ ላይ የውጭ አንቴና መሰኪያ ያለውን መረጥኩ። መጀመሪያ ሳሎኑ መሐል ጠረጴዛ ላይ አደረግነው። ቪዲዮው ይቆራረጣል። ከዚያ በስልኬ የራውተሩን ገጽ ከፈትኩና አርኤስአርፒ የሚለውን ቁጥር አየሁ፤ ከታወሩ የሚመጣውን ሲግናል የሚለካው እሱ ነው። −108 ይላል። ቁጥሩ ወደ ዜሮ በቀረበ መጠን ይሻላል፤ −85 አካባቢ ደስ የሚል ነው፣ −110 ሲደርስ መንጠልጠል ነው። ራውተሩን ይዤ ክፍል ለክፍል ዞርኩ። ጓዳ ባሰበት። በታወሩ በኩል ያለው መስኮት ደፍ ላይ ሳስቀምጠው ግን −93 ሆነ። 15 ነጥብ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን ይህ ቁጥር በ3 በተሻሻለ ቁጥር ኃይሉ እጥፍ ስለሚሆን 15 ማለት ከ30 እጥፍ በላይ ነው። የውጭ አንቴና እንኳን ሳንገዛ!

ምክንያቱ ቆርቆሮው ነው። የእኛ አገር ቤት ጣራው ቆርቆሮ ነው፤ ብረት ደግሞ ሞገድን ይመልሳል። የጭቃው ግድግዳም ውፍረት አለው። ሲግናሉ ዋና መግቢያው በመስኮት በኩል ነው ማለት ይቻላል። የሚገርማችሁ ያኔ ማታ እህቴ ደወለች። ፊቷ ጥርት ብሎ መጣ። እማዬ ሰላምታውን እንኳን ሳትጨርስ «ከስተሻልሳ!» አለቻት። ከዚያ በፊት መክሳቷን አይታ አታውቅም፤ ፊቷ ጭጋግ ነበር የሚሆንባት።

ዳንቴሉን ግን አስወልቄዋለሁ። ራውተር ቀኑን ሙሉ ስለሚሠራ ይሞቃል። አየር ካላገኘ ራሱን ማጥፋትና ማብራት ይጀምራል፣ ዕድሜውም ያጥራል።

አንድ ነገር እዚሁ ልጨምር። ከ2015 ዓ.ም ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ የቆየበትን ጊዜ ማናችንም አንረሳውም። መመዝገቢያ ያለፈበት ተማሪ፣ የልጁን ድምፅ የናፈቀ እናት፣ ሁሉንም አይቻለሁ። ስለዚህ መስመር ማስገባት የሚቻልበት ሰፈር ካላችሁ በሲም ብቻ አትተማመኑ። ሲምም ኬብልም የሚቀበሉ ራውተሮች አሉ፤ አንዱ ሲጠፋ ወደ ሌላው ይዞራሉ። ትንሽ ይወደዳሉ። እኔ ብሩን አውጥታችሁ ግዙ ባይ ነኝ።

አሁን ወደ መብራት። ስለ ራውተር የሚያወራ ሰው ይህን ይዘለዋል፣ እዚህ ግን ዋናው ጉዳይ ነው። ራውተር የሚበላው ኃይል ትንሽ ነው። አዳፕተሩ ላይ 12 ቮልት፣ 1 አምፒር የሚል ከሆነ ቢበዛ 12 ዋት ነው። 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት የሆነች ትንሽ ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ትይዛለች። ስታካፍሉት 7 ሰዓት ይመጣል። ባትሪ እስከ መጨረሻው ተሟጦ ስለማይሠራና ስለሚያረጅ 4 ወይም 5 ሰዓት ብላችሁ ያዙት። ማታውን ሙሉ ማለት ነው! ለራውተር ተብለው የተሠሩ ሚኒ ዩፒኤሶችም አሉ፤ መጽሐፍ የሚያህሉ ናቸው። ስትገዙ ቮልቱን ከራውተራችሁ አዳፕተር ጋር አስተያዩ። 9 ቮልት ለሚፈልግ ራውተር 12 የሰጠ ሰው ራውተሩን አጥቶ ነው ወደ እኔ የመጣው። ደግሞ ፋይበር ያላችሁ፣ ዩፒኤሱ ላይ ራውተሩን ብቻ ሰክታችሁ ያችን ሳጥን አትርሷት። እሷ ከጠፋች ራውተሩ ቢበራ ዋጋ የለውም።

መብረቅም አለ። ሐምሌ ላይ ከጮቄ ተራራ በኩል ደመናው ሲጠቁር እኔ ሥራ አቁሜ ኬብል ነቀላ እገባለሁ። አምና አንድ የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ጠርተውኝ ሄጄ ራውተሩን ስከፍተው የተቃጠለ ፕላስቲክ ሸተተኝ፤ የመስመሩ መሰኪያ ዙሪያ ጥላሸት መስሏል። ባለቤቷ አዳፕተሩን ነቅላው ነበር፤ መብረቁ የመጣው በስልክ ሽቦው ነው። እና ሲያጓራ ሁለቱንም ንቀሉ፣ የኮረንቲውንም የመስመሩንም። ፋይበሩ ራሱ መስታወት ስለሆነ ኮረንቲ አያስተላልፍም፤ የሳጥኑ አዳፕተር ግን ያው ነው፣ ይነቀል።

ባሕር ዳር አጎቴ ካፌ አለው። ጋሼ የሚፈልገው ሌላ ነው። ደንበኛ ማኪያቶ ሳያዝ መጀመሪያ የዋይፋይ ፓስዎርድ ይጠይቃል። ቅዳሜ ከሰዓት 40 ስልክ ይገባል። በረንዳው ላይ ያሉት «አይሠራም» እያሉ ይነጫነጫሉ፣ ባንኮኒው ጋ ያሉት ደስ ብሏቸው ቲክቶክ ያያሉ። ጋሼ አንድ «ኃይለኛ» ራውተር እንድገዛለት ነበር የደወለው።

ኃይለኛ ራውተር አይፈታውም። ዋይፋይ በዋናነት በሁለት ሞገድ ይሠራል። 2.4 ጊጋኸርዝ ራቅ ብሎ ይሄዳል፣ ግድግዳም ይሻገራል፣ ግን ዘገምተኛ ነው፤ ከጎን ያለው ሆቴል፣ ፋርማሲው፣ ፎቁ ላይ ያለው ቢሮ ሁሉም እዚያው ላይ ይጋፋሉ። እዚህ ሞገድ ላይ እርስ በርስ የማይነካኩት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው። 5 ጊጋኸርዝ ፈጣን ነው፣ ቦታም ሰፊ ነው፤ አንድ የኮንክሪት ግድግዳ ካጋጠመው ግን ይደክማል። የጋሼ ካፌ መሐሉ ላይ ሁለት ወፍራም ኮለን አለው፣ በረንዳው ደግሞ ከግድግዳ ወዲያ ነው። ደግሞም ራውተሩ ቢጮህ እንኳ ስልኩ መልስ የሚሰጠው በራሱ ትንሽ አንቴና ነው። ጩኸቱ በአንድ ወገን ብቻ ቢበረታ ምን ይጠቅማል?

ስለዚህ ሁለት ራውተር ወስጄ አንዱን ባንኮኒው ጋ፣ ሌላውን በረንዳው በር ላይ፣ ከፍ አድርጌ ሰቀልኩና በኬብል አገናኘኋቸው። ሲግናል አራዝማለሁ የሚለውን ርካሽ ዕቃ ያልገዛሁት ብዙዎቹ በአንዱ ሞገድ ሲቀበሉም ሲያስተላልፉም ፍጥነቱን ግማሽ ስለሚያደርጉት ነው። ዋናው ላይ ማይክሮቲክ የሚባል ራውተር አስገባሁ። የላትቪያ ድርጅት ምርት ነው። አቀማመጡ ለጀማሪ ይከብዳል፤ ለእያንዳንዱ ስልክ ፍጥነት መገደብ ላይ ግን የሚያህለው አላየሁም። ለእንግዳ 2 ሜጋ ቢት መደብኩ። አንድ ሰው ፊልም እያወረደ ሌላውን አያስርብም። ሒሳብ የሚሠራበት ኮምፒውተርና ፕሪንተሩ ደግሞ እንግዳ በማይገባበት ለብቻው ኔትወርክ ላይ ናቸው። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ፓስዎርድ የሁሉም ነውና ይህን አትዝለሉት።

ካርቶን ላይ ያለውን ቁጥርም ጋሼ ጠይቆኝ ነበር። ኤሲ 1200 ሲል 300 ሜጋ ቢት በ2.4፣ 867 በ5፤ ደምረው አጠጋግተውት ነው። አንድ ስልክ ሁለቱን ደምሮ አያገኝም። የገዛችሁት መስመር 10 ሜጋ ቢት ከሆነ 3000 የሚል ራውተር ብታመጡም 10 ነው የምታገኙት፤ ያም በፋይል ሲቆጠር በሰከንድ 1.25 ሜጋ ባይት ነው፣ ምክንያቱም 8 ቢት አንድ ባይት ነው። ለተራ ቤት ባለ ሁለት ሞገድ ኤሲ 1200 ይበቃል እላለሁ። ዋይፋይ 6 የሚጠቅመው ብዙ ስልክ ባለበት ቦታ ነው፤ ስልኮቹም ዋይፋይ 6 ሲኖራቸው። መስመራችሁ ከ100 ሜጋ ቢት በላይ ከሆነ የኬብል መሰኪያው ጊጋቢት መሆኑን ተመልከቱ፤ አለዚያ 100 ላይ ይቆማል።

ያገለገለ ስትገዙ ወደ ፋብሪካ ቅንብሩ መልሱትና የመግቢያ ፓስዎርዱን ወዲያው ቀይሩ። የዋይፋዩን ቁልፍ ዓይነት ደብሊውፒኤ 2 ወይም 3 ላይ አድርጉ። ደብሊውፒኤስ የሚለውን፣ ፓስዎርድ ሳይጻፍ በአዝራር ወይም በፒን የሚያገናኘውን፣ አጥፉት፤ በፒን የሚገባው መንገድ ቀዳዳ እንዳለው ከ2011 እ.ኤ.አ ጀምሮ ይታወቃል። ደብሊውኢፒ የሚባለውን የድሮ ደካማ ቁልፍ ብቻ የሚያውቅ አሮጌ ዕቃ ካጋጠማችሁ በነፃም ቢሆን አትውሰዱት።

በረንዳው በር ላይ የሰቀልኩት ሁለተኛው ራውተር፣ ያ ወንድሜ ለእማዬ የላከው ባለ ስድስት አንቴናው ነው። ከደጀን ይዤው መጥቼ ነበር። አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ አደረግኩት፣ 5 ጊጋኸርዙን ከፈትኩት፣ አንቴናዎቹን ቀጥ አድርጌ አቆምኳቸው። ባለፈው ቅዳሜ ጋሼ ደውሎ በረንዳው ላይ ወንበር እንደጠፋ ነገረኝ።