የቡራ ቁልፍ

ሥራዬ የቤት ኤሌክትሪክ ነው። ቀኑን ሙሉ የመዳብ ሽቦ ስቆርጥ፣ ስልጥ፣ ሳጥፍ እውላለሁ። አውስትራሊያ፣ አደሌድ ስኖር መዳብ የዚህች የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት መነሻ ሀብት እንደነበር ግን ያወቅኩት ባለፈው ቅዳሜ፣ ቡራ የምትባል የድሮ የማዕድን ከተማ ሄጄ ነው። ወደ ሰሜን 160 ኪሎ ሜትር ያህል ነው።

ቡራ ላይ ለጎብኚ ቁልፍ ይሰጡታል። እንደ አሮጌው እስር ቤት ያሉ የተቆለፉ ቦታዎችን ራሳችሁ እየከፈታችሁ ትገባላችሁ። ደስ ይላል። ማንም አያዋክባችሁም።

ነገሩ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1845 ነው። ያኔ ቡራ የአውሮፓ ሰፋሪዎች ዳር አገር ነበረች፤ ምድሩ የነባሮቹ የንጋጁሪ ሕዝብ ነው። ሁለት እረኞች፣ ዊልያም ስትሬርና ቶማስ ፒኬት፣ በየፊናቸው የመዳብ ድንጋይ አገኙ። መንግሥት ለ20,000 ኤከር 20,000 ፓውንድ ጠየቀ። ሁለት ወገኖች ተሻሙ፦ ሕዝቡ «ስኖብስ» ያላቸው የአደሌድ ባለሱቆችና «ኖብስ» የተባሉት ባለሀብቶች። ለብቻው ገንዘቡን የሚሞላ ግን ጠፋ። ስለዚህ አዋጥተው ገዙና ለሁለት ከፍለው ዕጣ ተጣጣሉ። ሰሜኑ ለባለሱቆቹ ወጣ። ትልቁ ማዕድን ደግሞ እዚያ ነበር! የባለሀብቶቹ ድርሻ ብዙም አልሆነ።

እኔን የያዘኝ ግን ጅረቱ ነው። ማዕድን ቆፋሪዎቹ፣ አብዛኞቹ ከእንግሊዝ፣ ከኮርንዎል የመጡ፣ ቤት አልነበራቸውም። የጅረቱን ዳርቻ ሸክላ አፈር እየፈለፈሉ ገቡበት። ኪራይ የለም፣ እንጨት አያስወጣም። በ1851 ከ4,400 ያህል ነዋሪ 1,800ው እንዲህ ነበር የሚኖረው። ጭስ ማውጫው ከላይ ከመሬቱ ብቅ ይላል። ጣሪያህ ላይ ሰው ይሄዳል ማለት ነው። በዚያው ዓመት ጅረቱ ሦስት ጊዜ ሞላ፤ ብዙ ቤተሰብ ንብረቱን ውኃ ወሰደበት። ከዚያ በፊትም ተስቦው ሕፃናቱን ይፈጅ ነበር። ሀብት ከእግራቸው ሥር እየወጣ፣ እነሱ ጭቃ ውስጥ! ይህ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ማቅለጫው ሥራ የጀመረው በ1849 ነው። እስከዚያ ድረስ ድንጋዩ በበሬ ጋሪ ወደብ ወርዶ፣ በመርከብ እስከ ዌልስ፣ ስዋንሲ ድረስ ይጓዝ ነበር። ኋላ ባለሙያዎቹ ራሳቸው ከዌልስ መጡ። ድንጋዩን ደጋግመው ይጠብሱታል፣ ያቀልጡታል፤ ከላይ የሚንሳፈፈውን ቆሻሻ ይገፋሉ። መጨረሻ ላይ የሚሠሩትን ሳነብ ቆሜ ቀረሁ። እርጥብ ግንድ በቀለጠው መዳብ ውስጥ ይነክራሉ። ከግንዱ የሚወጣው ጋዝ መዳቡን እያንተከተከ ኦክስጅኑን ያወጣል። ካነሰ መዳቡ ተሰባሪ ይሆናል፤ ከበዛም እንዲሁ። ልኩን የሚያውቁት በጭልፋ ትንሽ ቀድተው፣ አቀዝቅዘው፣ ሰብረው ቀለሙን በማየት ነው። በዓይን ብቻ! ሽቦ ሳጥፍ ቀጭ ሳይል እንደ ልብ የሚታዘዝልኝ፣ ሰው እንዲህ ስለለፋበት እንደሆነ አላውቅም ነበር።

ለምድጃው ማገዶ በዙሪያው ያለው ዛፍ ተጨፈጨፈ። በ1853 ከደቡብ አሜሪካ በቅሎ ከነነጂው መጣ፤ መዳብ ጭነው ወደ ወደቡ ይወርዳሉ፣ የድንጋይ ከሰል ጭነው ይመለሳሉ። መካከል ላይ የጎረቤቷ የቪክቶሪያ ግዛት ወርቅ ወሬ ሲሰማ ቆፋሪው ሁሉ ነቅሎ ሄዶ ሥራው ሊቆም ምንም አልቀረውም ነበር። የድሮው ማዕድን የተዘጋው በ1877 ነው።

ቁልፉን ከመመለሴ በፊት እንደገና ወደ ጅረቱ ወረድኩ። ከእነዚያ ሁሉ ቤቶች የቀሩት ሁለት ናቸው። ጎንበስ ብዬ ገባሁ። ከግድግዳ ግድግዳ በእርምጃ ለካሁት፤ አራት አልሞላም። ልጆቹን የት ያስተኟቸው ነበር?