ቧንቧው ሲያፏጭ ያደረ ሌሊት

ዛሬ የውሃ ተራችን ነበር። ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ተነስቼ ጀሪካኖቼን ደረደርኩ። የመጣው ግን ፉጨት ብቻ ነው። ጎረቤቴ እማማ በመስኮት ብቅ ብለው "ተኚ ልጄ፣ ዛሬም የለም" አሉኝ። ፊት ለፊታችን ያለው አዲሱ ሕንጻ ግን የራሱን ጉድጓድ ቆፍሮ መኪና ያሳጥባል!

የሐረማያ ሐይቅ ትዝ አለኝ። ሐረር ትጠጣው ነበር፤ የጫቱም ማሳ በፓምፕ ይጠጣው ነበር። ደለሉ ደግሞ ከስር ሞላው። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀና ከብት የሚሄድበት ሜዳ ሆነ። (በኋላ በከፊል ተመልሷል፣ እሱን አልክድም።)

እስቲ ልተንብይ። በአምስት ዓመት ውስጥ የአዲስ አበባ ደላላ "ስንት መኝታ?" ከማለቱ በፊት "ጉድጓድ አለው" ይላል። ኪራዩም በጉድጓዱ ጥልቀት ይጨምራል። ለማንኛውም፣ ነገ ቦቴ የሚያመጣ ሰው የምታውቁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ።