ፑሊው ሸክሙን አላቀለለውም፣ አጣናውን ግን አስቡለት

ፎቅ በሚሠራበት ሰፈር የኖረ ሰው ይህን ሳያይ አይቀርም። ላይ አንድ አጣና ይጋደማል፣ አጣናው ላይ ፑሊ፣ ማለትም ገመድ የሚያልፍበት ተሽከርካሪ ጎማ፣ ይታሰራል፣ ታች ያሉት ልጆች ገመዱን ሲስቡ ሲሚንቶው ሽቅብ ይወጣል። ብዙ ሰው ታዲያ ፑሊው ሸክሙን ያቀለለው ይመስለዋል። አላቀለለውም! 50 ኪሎ ሲሚንቶ ለማንሳት 50 ኪሎ ያህል መሳብ ግድ ነው፤ እንዲያውም በሰበቃ፣ ማለትም በመፋተግ፣ የሚባክን ስላለ ትንሽ ይበልጣል።

ጥቅሙ ሌላ ነው። ላይ ሆኖ ሸክም መጎተት ወገብ ይቆርጣል፣ ታች ቆሞ ወደ መሬት ሲስቡ ግን የገዛ ሰውነት ክብደት ያግዛል።

በእውነት እንዲቀል ከፈለጋችሁ ሁለተኛ ፑሊ ጨምሩ፣ እሱም ከሸክሙ ጋር አብሮ የሚወጣና የሚወርድ ይሁን። የገመዱን አንድ ጫፍ አጣናው ላይ እሰሩ፣ በታችኛው ፑሊ ሥር አዙሩት፣ መልሳችሁ በላይኛው ላይ አሳልፉና ወደ ታች ሳቡ። አሁን ሲሚንቶውን ተካፍሎ የያዘው ገመድ ሁለት ቦታ ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ጆንያ ግራና ቀኝ ይዞ እንደሚሸከመው ማለት ነው። እጃችሁ ላይ የሚያርፈው 25 ኪሎ ገደማ ብቻ ይሆናል። ሲሚንቶው 9 ሜትር እንዲወጣ ግን 18 ሜትር ገመድ መሳብ አለባችሁ፤ በጉልበት ያተረፋችሁትን በገመድ ርዝመት ትከፍላላችሁ። ፑሊው በጨመረ ቁጥር እንዲሁ እየቀለለ ይሄዳል። የጥንቱ ግሪካዊ ሊቅ አርኪሜዲስ የተጫነ መርከብ ብቻውን ተቀምጦ ሳበ ብሎ የጥንቱ ጸሐፊ ፕሉታርክ የጻፈው በዚሁ ዘዴ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ አጣናው ነው። ባንድ ፑሊ ስትስቡ ሲሚንቶው በአንድ በኩል 50 ኪሎ ይጎትተዋል፣ እናንተ በሌላ በኩል 50 ኪሎ ትጎትቱታላችሁ፣ ስለዚህ አጣናው የተሸከመው 100 ኪሎ ነው! ይህን የሚያሰላ ሰው ብዙም አላይም። «ሲሚንቶውን ይችላል» ተብሎ ብቻ የተመረጠ እንጨት ሊሰበር ይችላል፣ ከሥሩ ደግሞ ሰው አለ፣ አብዛኛውን ጊዜ ሄልሜት ያላደረገ የቀን ሠራተኛ። በሁለት ፑሊ ከሆነ አጣናው ላይ የሚያርፈው ወደ 75 ይወርዳል፤ ለሳቢው ብቻ ሳይሆን ለእንጨቱም እረፍት ነው። ገመዱን በድንገት መንጨቅ ግን በሁለቱም አሠራር ጫናውን ያባብሰዋል።

ቤት የምታሠሩ ሰዎች፣ እባካችሁ ሁለተኛውን ፑሊ ግዙላቸው። አጣናውንም ከሸክሙ እጥፍ በደንብ አስበልጣችሁ ምረጡ፣ ሳቢውም ከሸክሙ ሥር ፈንጠር ብሎ ይቁም።