ጋሼ ጅሬን ላይ ጉድ ሠሩኝ

ጎረቤቴ ጋሼ ጡረታ የወጡ ወታደር ናቸው። ሁርሶ ወታደራዊ ማሠልጠኛ ነው የሠለጠኑት። ዛሬ ከንጋቱ 11 ሰዓት ተኩል በሬን አንኳኩ። «ተነስ፣ ጅሬን እንወጣለን!» የጅማውን ኮረብታ ማለታቸው ነው። ቅዳሜ እኮ ነው!

አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት ሳንደርስ ትንፋሼ አለቀ። እሳቸው ቆመው ይስቃሉ። «ሩጫውስ ቀላል ነው» አሉኝ። በሥልጠናቸው ጊዜ ከባዱ ዓይንን በጨርቅ ታስሮ ክላሽ መፍታትና መግጠም ነበር፤ በዳሰሳ ብቻ። «ሌሊት መሣሪያው ጥይት ቢነክስብህ ማን መብራት ያበራልሃል?»

ከዚያ የሆለታ ጦር ትምህርት ቤትን ዕጩ መኮንኖች አነሱ። በ1927 ዓ.ም. ስዊድኖች ማሠልጠን ጀመሩ፤ ሥልጠናው ሳያልቅ ጣሊያን ወረረን። ይህን ሲሉ አልሳቁም።

ተመልሰን ቡና ስንጠጣ እግሬ ይንቀጠቀጣል። ጋሼ ጫማቸውን እየወለወሉ ነው። ነገም 11 ተኩል ብለዋል፤ በሩን ከውስጥ ልቆልፍ እንዴ?