መመለሻው ቁልቁለት ነው እንዴ?

ዛሬ ከአሜሪካ የተመለሰችውን አክስቴን ከቦሌ ተቀብያት፣ ገና የመኪናው በር ሳይዘጋ ጠየቀችኝ፦ «ስሄድ መሃል ላይ አርፈን ነዳጅ ተቀዳ። ስመለስ ግን አውሮፕላኑ አንዴ ተነስቶ ቀጥ ብሎ መጣ። መመለሻው ቁልቁለት ነው እንዴ?»

ሹፌሩ በሳቅ ፈረሰ። ግን እኮ ብዙም አልሳተችም!

ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ በሄዱበትም በመጡበትም ያው ነው። ጉዱ መነሻው ላይ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፤ ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ ሞተሩም ክንፉም አቅም ያጥራቸዋል። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ፣ በዚያ ላይ ሙሉ ነዳጅ ይዞ መነሳት ከባድ ነው። ስለዚህ ነዳጁ ይቀነስና መንገድ ላይ ይሞላል፤ እንደየጊዜው፣ እንደ ደብሊን ወይም ሎሜ ባሉ ከተሞች። ከደለስ ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ይነሳል፣ የምዕራቡ ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል፣ በ13 ሰዓት ገደማ ቦሌ ነው።

ያ ሚዛን ላይ የምንለማመጥበት 23 ኪሎ ሻንጣ ለካ እዚህ ሂሳብ ውስጥ አለበት።

ይሄን ሁሉ ሳስረዳት ቆይታ፣ «ታዲያ የያዝኩት በርበሬ ነው ያስቆመን በለኛ!» አለችኝ።