ያለ ሲዲ፣ ያለ ድራይቨር፦ ስካነርን በኔትወርክ ማሰራት

ደሴ ፒያሳም ሆነ ኮምቦልቻ ወይም ወልድያ፣ ብዙ ኮፒ ቤት ውስጥ ያለው ስካነር በዩኤስቢ ገመድ ከአንድ ኮምፒውተር ጋር ታስሮ ነው የሚሰራው። ያ ኮምፒውተር ላይ ማመልከቻ እየተጻፈ ከሆነ ትራንስክሪፕቱን ስካን ሊያስደርግ የመጣ ሰው ቆሞ ይጠብቃል። ማሽኑ ግን ዋይፋይ ይይዛል፣ ወይም ከኋላው የኔትወርክ ሶኬት አለው። «የድራይቨሩ (ኮምፒውተሩ ማሽኑን እንዲያውቅ የሚያደርገው ፕሮግራም) ሲዲ ጠፍቷል» እየተባለ ነው ሥራ ፈቶ የሚቀመጠው። አብሽሩ፣ ሲዲው አያስፈልግም። ቢገኝም አሁን የሚሸጡት አብዛኞቹ ላፕቶፖች ማስገቢያ የላቸውም። ከኢንተርኔት የሚወርደው ሙሉ ፓኬጅ ደግሞ ብዙ ጊዜ በመቶ ሜጋባይቶች የሚቆጠር ነው፤ ያውም አብዛኛው ከስካን ጋር ግንኙነት የለውም።

ሁሉም ነገር የሚጀምረው ከአድራሻ ነው። ማሽኑን በኬብል ወይም በዋይፋይ ከራውተሩ ጋር አገናኙና ከራሱ ሜኑ ላይ የኔትወርክ ሪፖርቱን አትሙ። አይፒ አድራሻው (ማሽኑ በኔትወርኩ ላይ የሚታወቅበት ቁጥር) በ169.254 የሚጀምር ከሆነ ከራውተሩ ምንም አልደረሰውም ማለት ነው፤ ኬብሉን ወይም የዋይፋዩን ፓስወርድ ፈትሹ። ካት 5ኢ የሚባለው የተለመደ የኔትወርክ ኬብል እስከ 100 ሜትር ይሄዳል፤ ሱቅ ውስጥ ችግር የሚሆነው ርዝመቱ ሳይሆን በደንብ ያልተቆነጠጠ ጫፍ ነው። ትክክለኛ አድራሻ ካገኘ በኋላ ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ያንን አድራሻ ለማሽኑ በቋሚነት አስይዙለት፣ ለምሳሌ 192.168.1.200። ስካን የሚቀበለውም ኮምፒውተር እንዲሁ ቋሚ አድራሻ ይኑረው። ይህን መዝለል አይገባም። መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ራውተሩም፣ ኮምፒውተሩም፣ ማሽኑም እንደገና ይነሳሉ፤ አድራሻ ይቀያየራል፤ «ትናንት ይሰራ ነበር፣ ዛሬ እምቢ አለ» የሚባለው ስሞታ አብዛኛው ከዚህ ይመጣል።

አድራሻውን ብሮውዘር ላይ ስትጽፉ የማሽኑ የራሱ ገጽ ይከፈታል። ከዚህ በኋላ ያለው ሥራ በሙሉ እዚያ ይሰራል። መጀመሪያ የአድሚን ፓስወርዱን ቀይሩ፤ ከፋብሪካ የመጣውን ማንም ያውቀዋል።

ቀላሉ መንገድ ከኮምፒውተሩ ሆኖ መሳብ ነው። በቅርብ ዓመታት የተሰሩ ባለ ኔትወርክ ማሽኖች አብዛኞቹ ኢኤስሲኤል የሚባለውን ፕሮቶኮል ይችላሉ፤ አፕል ኤርስካን የሚለው ይኸው ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ከሴቲንግ የፕሪንተርና ስካነር ገጽ ገብቶ መሳሪያ ጨምር ማለት ብቻ ይበቃል። ሊኑክስ ላይ ሴን ኤርስካን የሚባለው ፕሮግራም ያንኑ ይሰራል። የእኔ ምርጫ ግን ናፕስ2 የሚባለው ነፃ ፕሮግራም ነው፦ ብዙ ገጽ በአንድ ፒዲኤፍ ያስራል፣ የገጽ ቅደም ተከተል ያስተካክላል፣ አማርኛን ከምስል ወደ ጽሑፍ የሚቀይር የቋንቋ ፋይልም ማውረድ ይቻላል። ፕሮፋይል ስትፈጥሩ ከድራይቨር ዝርዝሩ ኢኤስሲኤልን ምረጡ።

ማሽኑ በዝርዝሩ ካልመጣ ወደ ድራይቨር ፍለጋ አትሩጡ። ኮምፒውተሩ ዋይፋዩን ፐብሊክ ብሎ መዝግቦት ይሆናል፤ ወደ ፕራይቬት ቀይሩት። ራውተሩ ላይ የእንግዳ ዋይፋይ ወይም አይሶሌሽን (መሳሪያዎችን የሚለያየው ቅንብር) በርቶ ከሆነ ደግሞ መሳሪያዎቹ እርስ በርስ አይተያዩም። ሁለት ራውተር ተቀጣጥሎ ኮምፒውተሩ በአንዱ፣ ማሽኑ በሌላው የተያያዘበት ቤትም አለ፤ የስካነሩ ማስታወቂያ ከአንዱ ኔትወርክ ወደ ሌላው አይሻገርም። ሁለቱንም ወደ አንዱ አምጡ።

ሰው የሚበዛበት ኮፒ ቤት ግን የሚያዋጣው ማሽኑ ራሱ ወደ ፎልደር እንዲልክ ማድረግ ነው። ትልልቆቹ የቢሮ ማሽኖች ይህን ይችላሉ። ሠራተኛው ወረቀቱን ፊደሩ (ወረቀት ራሱ የሚስበው ክፍል) ላይ አስቀምጦ አንድ ቁልፍ ይጫናል፣ ፋይሉ ተቀባዩ ኮምፒውተር ላይ ሼር ወደተደረገው ፎልደር ይገባል።

ለዚህ ኮምፒውተሩ ላይ ለስካን ብቻ የሚሆን የተለየ ዩዘር ክፈቱ፤ በኢሜይል የሚገባ የማይክሮሶፍት አካውንት ሳይሆን የኮምፒውተሩ የራሱ ዩዘር ይሁን። ፓስወርድ የግድ ነው። ዊንዶውስ ፓስወርድ የሌለውን ዩዘር በኔትወርክ አያስገባም፣ አራት አሃዝ ያለው ፒንም እዚህ አይሰራም። ከዚያ ፎልደር ፍጠሩ፤ ስሙ በእንግሊዝኛ ፊደል፣ አጭር፣ ክፍተት የሌለው ይሁን፤ ብዙ ማሽኖች የግዕዝ ፊደል ያለበትን መንገድ አያነቡም። ሼር ስታደርጉ ለዚያ ዩዘር የመጻፍ ፈቃድ ስጡት። ፈቃዱ ሁለት ቦታ ነው ያለው፦ አንዱ ሼሪንግ ውስጥ፣ ሌላው ሴኩሪቲ በሚለው ገጽ። አንዱ ከተረሳ ማሽኑ ይገባል እንጂ ፋይል ማስቀመጥ አይችልም። ማሽኑ ገጽ ላይ መንገዱን ስትሞሉ በኮምፒውተሩ ስም ሳይሆን በአይፒ አድራሻው ጻፉት፣ ፖርቱ (የመግቢያ በሩ ቁጥር) 445። ዩዘሩ አልቀበል ካለ ከፊቱ የኮምፒውተሩን ስምና ወደ ኋላ ያዘነበለ ስላሽ (\) ጨምሩ።

ያገለገለ ማሽን ከሆነ ሌላ እንቅፋት አለ። አሮጌዎቹ የሚያውቁት ኤስኤምቢ 1ን፣ ማለትም ፋይል በኔትወርክ ሼር የሚደረግበትን ፕሮቶኮል የድሮውን ስሪት ብቻ ነው፣ ዊንዶውስ 10 ደግሞ ከ2017 መጨረሻ ጀምሮ እሱን አብሮ መጫን ትቷል። ኢንተርኔት ላይ «መልሳችሁ አብሩት» የሚል ምክር ሞልቷል። አታብሩት። በግንቦት 2017 ዓለምን ያዳረሰው ዋናክራይ ቫይረስ የገባው በእሱ በኩል ነው፣ ቫይረስ ያለበት የደንበኛ ፍላሽ ሲሰካ የሚውልበት ኮምፒውተር ላይ ደግሞ አደጋው እጥፍ ነው። መጀመሪያ የማሽኑን ፈርምዌር (የውስጥ ፕሮግራሙን) አድሱ፤ ካልሆነ ኮምፒውተሩ ላይ ፋይልዚላ ሰርቨርን ጭናችሁ በኤፍቲፒ (ሌላ የፋይል መላኪያ ፕሮቶኮል)፣ ፖርት 21፣ ተቀበሉ። ኤፍቲፒ ፓስወርዱን ሳይሸፍን ነው የሚልከው፤ ስለዚህ ያ ፓስወርድ ለሌላ ለምንም አይዋል። ዊንዶውስ 11 ፕሮ 24ኤች2 የሚባለው ስሪት ላይም ተመሳሳይ ችግር ይገጥማል፤ ኤስኤምቢው የፊርማ ማረጋገጫ ግዴታ ስላደረገ ትናንት ይልክ የነበረ ማሽን ከአፕዴት በኋላ ሊቆም ይችላል። ኮምፒውተሩ እንቅልፍ እንዳይገባ ማድረግም አይረሳ፤ ተኝቶ ከሆነ ማሽኑ የሚያሳየው ስህተት ከኔትወርክ መቋረጥ አይለይም።

ሰዓቱ ራሱን የቻለ ጉዳይ ነው። ማሽኑ ላይ ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር የሚሞላ ሰው አለ፤ ያኔ ማሽኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ይቀራል፣ በኢሜይል ሲልክ የሰርቨሩን ሰርተፍኬት (የማንነት ማረጋገጫ) ገና ያልጀመረ ነው ብሎ ይጥለዋል። በፈረንጅ ዓመት ሙሉት፣ ጠዋት 3 ሰዓትን 09:00 አድርጉ፣ የሰዓት ቀጠናው ፕላስ 3 ይሁን። ኤንቲፒ የሚለውን አብሩና ሰዓቱን ራሱ ከኢንተርኔት ይውሰድ። በጂሜይል ለመላክ ደግሞ የተለመደው ፓስወርድ አይሰራም፤ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫን አብርታችሁ ጉግል የሚሰጠውን ባለ 16 ፊደል የአፕ ፓስወርድ አስገቡ፣ ፖርት 587።

ለጥራቱ 300 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ውስጥ ያሉ ነጥቦች ብዛት) ይበቃል። ኤ4 ወረቀት በዚህ ልክ 2480 በ3508 ፒክስል ይሆናል፤ ሳይታመቅ በከለር ወደ 26 ሜጋባይት፣ በግራጫ ወደ 9፣ በጥቁርና ነጭ ግን 1 ገደማ ነው። ጂሜይል ከ25 ሜጋባይት በላይ አያይዞ አይልክም፤ ስለዚህ ማኅተም ያለበትን ሰነድ በከለር ፒዲኤፍ፣ 200 ዲፒአይ አድርጉት፤ ሌላውን በግራጫ። ጥቁርና ነጭ ሰማያዊ ማኅተምን ይበላዋል።

ወሎ ውስጥ አልፎ አልፎ የዐጀም (በዐረብኛ ፊደል የተጻፈ) ደብተር ወይም የብራና ቅጠል ይዞ የሚመጣ ሰው ይኖራል። ፊደር ውስጥ በፍጹም አይገባም፤ ሮለሩ ይቀደዋል። ነጠላ ቅጠል ከሆነ መስታወቱ ላይ ዘርጉት፣ ክዳኑን ግን አትጫኑት። የተጠረዘ ከሆነ ስካነሩን ተዉትና ከላይ በቆመ ካሜራ አንሱት።