ካምቢዮው ከመውረዱ በፊት የመረመርኩት

ባለፈው ነሐሴ ከሐሙሲት ወደ ባሕር ዳር ስመለስ፣ አዲሱ የዓባይ ድልድይ ልደርስ ጥቂት ሲቀረኝ፣ ባለ ስድስት ማርሽ አውቶማቲክ መኪናዬ በኃይል ተንገጫግጫ ሦስተኛ ማርሽ ላይ ቀረች። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል እንጂ ማርሹ አይጨምርም፤ ዳሽቦርዱ ላይም የሞተሩ ምልክት በራ። ዳር ይዤ ቆምኩና ሞተሩን አጥፍቼ ሳስነሣው ምንም እንዳልነካት መሄድ ጀመረች፤ ቤቴ እስክደርስ ግን ሁለት ጊዜ ደገማት።

በማግስቱ የወሰድኳት ጋራዥ መካኒኩ አንድ ዙር ነድቶ ሲመለስ፣ «ጋሼ፣ ካምቢዮው አልቋል፤ ወርዶ መፈታት አለበት» አለኝ፤ ማርሽ የሚቀያይረውን ክፍል ማለቱ ነው። የጠየቀኝ ገንዘብ ብዙ ነበር፤ ከገንዘቡ በላይ ግን ያለ አንዳች ልኬት የተሰጠው ፍርድ አልዋጥልህ አለኝ። ሞተር ጠፍቶ ሲነሣ መዳኗ የኤሌክትሪክ ችግር አስመስሎታል፤ ይህ ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ በካምቢዮው ውስጥ ማርሹን ጨብጦ የሚይዘው ፍሪሲዮን ተበልቶም እንዲሁ ለጊዜው ሊደበቅ ይችላልና።

በኤሌክትሪክ ሥራ የሚተዳደር ጎረቤቴ የመኪናዋን ኮምፒውተር የሚያነበውን ስካነሩን ይዞ መጣ። አስቀድሜ የለመንኩት ኮምፒውተሩ የመዘገባቸውን የጥፋት ኮዶች ሳይመዘግብ እንዳያጠፋ ነው። የወጡት ፒ0700 እና ፒ0720 ነበሩ። የመጀመሪያው የካምቢዮው ኮምፒውተር ጥፋት መመዝገቡን ብቻ ይናገራል፤ ብዙ ሰው በእርሱ ተደናግጦ ካምቢዮ ያስወርዳል። ሁለተኛው የካምቢዮውን የመውጫ ፍጥነት የሚለካው ሴንሰር መስመር ላይ ችግር እንዳለ ያመለክታል። ኮምፒውተሩ የመግቢያውን (ከሞተሩ የሚመጣውን) እና የመውጫውን (ወደ ጎማው የሚሄደውን) ፍጥነት እያነጻጸረ ማርሹ በትክክል መግባቱን ያረጋግጣል፤ አንዱ ሲጠፋበት ካምቢዮውን ለመጠበቅ አንድ ማርሽ ላይ ይቆልፈዋል።

ወደ ሴንሰሩ ከመሄዳችን በፊት ባትሪውን በቴስተር ለካን፤ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6፣ ተነሥቶ 14.1 ቮልት አሳየ። ቀጥሎ የካምቢዮውን ዘይት አየን። መኪናዬ የዘይት መለኪያ ዘንግ የላትም፤ ልኩ የሚታወቀው ሞተሩ እየሠራ፣ ሜዳ ላይ ቆማ፣ ዘይቱ አምራቹ ያዘዘው ሙቀት ላይ ሲደርስ ከታች ያለው ብሎን ተፈትቶ ነው። ዘይት ሲሞቅ ስለሚሰፋ ቀዝቃዛውን የለካ ሰው ጎድሏል ብሎ ይጨምርና ሌላ በሽታ ያመጣል። ከብሎኑ ቀዳዳ የወረደውን ጠብታ ነጭ ወረቀት ላይ ተቀበልኩት፤ ቀይ ነው፣ ሲያሸቱትም የተቃጠለ ነገር አይሸትም። እፎይ ያልኩት ያን ጊዜ ነው።

እዚህ ላይ ግን ቸኮልኩ። ኮዱ ሴንሰሩን ስለጠራ አዲስ ሴንሰር ገዝቼ አስገባሁ፤ በሦስተኛው ቀን ያው ችግር ተመለሰ። ኮዱ የተናገረው ስለ መስመሩ በሙሉ ነበር፤ ሴንሰሩ የመስመሩ አንዱ ጫፍ ብቻ ነው።

ስለዚህ ዓባይን ተሻግረን ወደ ቤዛዊት ኮረብታ ወጣን። ባሕር ዳር ሜዳ ስለሆነች ካምቢዮ ጫና የሚሰማው እንዲህ ያለ ዳገት ላይ ነው። እኔ ስነዳ ጎረቤቴ የስካነሩን ቁጥሮች ይከታተል ነበር። የፍጥነት ቆጣሪው 40 እያሳየ፣ የመግቢያው ቁጥር ሳይናወጥ፣ ጎማው ድንጋይ በነካ ቁጥር የመውጫው ቁጥር ዜሮ ይሆንና ይመለሳል። የሚንሸራተት ፍሪሲዮን ቢሆን ኖሮ የመግቢያው ዙር ያሻቅብ ነበር እንጂ የመውጫው በቅጽበት ዜሮ አይሆንም ነበር።

ወደ ቤት ተመልሰን ከሥሯ ገባን። ሶኬቱ ሲነቀል የክረምቱ ጭቃ ውኃ አንጠባጠበ፤ አንዷ ፒን አረንጓዴ ዝገት ለብሳለች። ገመዱን እየዳሰስኩ ስሄድ፣ ከሶኬቱ አንድ ጋት ያህል ርቆ፣ ብረት ማቀፊያው ጋር ሲፋተግ ልባሱ ተልጦ መዳቡ ብቅ ብሏል። ፒኗን አጽድተን አደረቅናት፤ ገመዱን በስታኞ በየድነው፣ በናስትሮ ጠቅልለን ከብረቱ አርቀን አሰርነው።

ኮዶቹን ያጠፋነው ከዚህ በኋላ ነው። አብሮም ኮምፒውተሩ ስለ ማርሽ አቀያየር የተማረውን ስለሰረዝን፣ ለጥቂት ቀናት ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ትንሽ ትነጥቅ ነበር፤ በዝግታ እየነዳሁ እንደገና እስክትማር ታገሥኳት። በሳምንቱ ቤዛዊትን ደግመን ስንወጣ፣ በዚያው ድንጋያማ ቦታ ላይ ሁለቱ ቁጥሮች አብረው ወጥተው አብረው ወረዱ።